ክፍሉ ይቅደም፣ ጠረጴዛው ይከተል፦ የስኑከር ክፍል በቤታችን

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

   

(የኳሶች ግጭት ድምፅ፤ አንድ ኳስ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ)

ይህን ድምፅ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ፑል የምትጫወቱ፣ ወይም ታላላቆቻችን ከረምቡላ ሲጫወቱ ዳር ቆማችሁ ያያችሁ ወዲያው ለይታችሁታል። የዛሬው ርዕሳችን የእነዚህ ጨዋታዎች ዘመድ የሆነው ስኑከር ነው። በገዛ ቤታችን የስኑከር ክፍል ለመሥራት ብንነሣ ከምን እንጀምር? ምንስ እናስቀድም?

እስቲ እናንተው መልሱልኝ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ምንድን ነው? «ጠረጴዛው ነዋ!» የሚል ብዙ ነው። የዛሬው ትምህርታችን መልስ ግን ሌላ ነው፤ መጀመሪያ የሚታሰበው ክፍሉ ነው። ክፍሉ ይቅደም፣ ጠረጴዛው ይከተል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስባታለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። ስኑከር የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1875 በሕንድ አገር፣ ጀባልፑር በተባለ ከተማ፣ እዚያ ሰፍረው በነበሩ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች መካከል ነው። የጨዋታው ጀማሪ ተብሎ ስሙ የሚነሣው ኔቪል ቻምበርሌን የተባለ ወጣት መኮንን ነው። በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑት ሰው ጋር ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሰውየው ሌላ ነው።

በጠረጴዛው ላይ 22 ኳሶች አሉ። 15ቱ ቀይ፣ 6ቱ ሌላ ሌላ ቀለም ያላቸው፣ አንዱ ደግሞ የምንመታው ነጩ ነው። ቀዩ 1 ነጥብ ያስገኛል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቁሩ 7 ነጥብ። ተጫዋቹ አንድ ቀይ ካስገባ በኋላ ከባለ ቀለሞቹ አንዱን ያስገባል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ቀይ ይመለሳል። አስራ አምስቱንም ቀይ ከጥቁር ጋር እያፈራረቀ አስገብቶ፣ በመጨረሻ ስድስቱን ቀለሞች በተራ የጨረሰ ሰው 147 ነጥብ ያገኛል። ስኑከር የሚወድ ሁሉ ይህን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል።

ታዲያ ጨዋታው በእንግሊዝ አገር ከመኖሪያ ቤት ጋር የተሳሰረው እንዴት ነው? ስኑከር ከመምጣቱ በፊት እንግሊዞች ቢሊያርድ ይጫወቱ ነበር። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ትልቅ ቤት የሚያሠራ ባለጸጋ ለቢሊያርድ የተለየ ክፍል ያዘጋጅ ነበር። ንግሥቲቱ ራሷ በዋይት ደሴት ባሠራችው በኦዝቦርን ቤት እንዲህ ያለ ክፍል ነበራት፤ ጠረጴዛውም እስከ ዛሬ ለጎብኚ ይታያል። ስኑከር ሲመጣ አዲስ ጠረጴዛ አላስፈለገውም፤ በዚያው በቢሊያርዱ ጠረጴዛ ላይ ሌሎች ኳሶች ተደርድረው ይጫወቱት ጀመር።

ልብ በሉ፣ አድማጮቼ፤ ያን ጊዜም ቢሆን አናጺውና ግንበኛው ክፍሉን ለጨዋታው ብለው ነበር የሚሠሩት። ጠረጴዛው የሚገባው ክፍሉ ካለቀ በኋላ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

የመጀመሪያው ጉዳያችን ስፋት ነው። ትልቁ፣ ማለትም በውድድር የምናየው ጠረጴዛ፣ የመጫወቻው ርዝመት 3 ሜትር ከ57 ሳንቲም ያህል፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ78 ሳንቲም ያህል ነው። «እንግዲያው 4 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ክፍል ይበቃኛል» የሚል ይኖራል። ይበቃዋል ትላላችሁ?

(ለጥቂት ሰከንድ ዝምታ)

አይበቃውም። ጠረጴዛው ይገባል፤ ተጫዋቹ ግን መጫወት አይችልም። ለምን? ነጩ ኳስ ከጠርዙ ተጠግቶ ቆሟል እንበል። ተጫዋቹ ኳሱን የሚመታበት ስቲክ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ያ ሁሉ ስቲክ ከጠረጴዛው ውጭ፣ ወደ ግድግዳው በኩል ይቀራል። በዚያ ላይ ተጫዋቹ ከመምታቱ በፊት ክንዱን ወደ ኋላ መሳብ አለበት። ስለዚህ በአራቱም አቅጣጫ ከጠርዙ እስከ ግድግዳው 1 ሜትር ከ60 ሳንቲም ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል።

ይህን ስንደምረው ለትልቁ ጠረጴዛ የሚሆነው ክፍል ርዝመቱ ወደ 6 ሜትር ከ77፣ ወርዱ ወደ 4 ሜትር ከ98 ይደርሳል። ልድገመው፤ 6 ሜትር ከ77 በ4 ሜትር ከ98። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ስቲኩ ግድግዳውን ይመታል፣ ተጫዋቹ በየጊዜው ስቲኩን ሽቅብ አንሥቶ ለመምታት ይገደዳል፣ ጨዋታውም ደስታው ይጠፋል።

ይህ ስፋት ባዶ ስፋት ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር፣ ቁም ሣጥን፣ የግድግዳ ማሞቂያ፣ ከግድግዳው የወጣ ዓምድ ካለ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ለተመልካች አግዳሚ ወንበር ማስቀመጥ ከፈለጋችሁም ለእሱ ሌላ ቦታ ጨምሩ። ጎረቤት፣ ልጆች፣ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው የሚያዩት ጨዋታ ነውና ወንበሩን አትርሱት።

«እኔ ይህን የሚያህል ክፍል ከየት አባቴ አመጣለሁ?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ተስፋ አትቁረጡ። ከትልቁ በታች የተለያየ መጠን ያላቸው ትንንሽ ጠረጴዛዎች አሉ። ለምሳሌ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ጠረጴዛ ብትመርጡ፣ ያንኑ 1 ሜትር ከ60 በየአቅጣጫው ጨምሩበት፤ 5 ሜትር ከ60 በ4 ሜትር ከ40 የሆነ ክፍል ይበቃችኋል። አንድ ጥግ ላይ ብቻ የሚጠብባችሁ ከሆነ ደግሞ ለዚያ ጥግ የሚሆን አጠር ያለ ስቲክ መግዛት ይቻላል። በጨዋታው ደንብ ስቲክ ከ91 ሳንቲም ማነስ የለበትም እንጂ አጭር መሆኑ አይከለከልም።

በትንሽ ጠረጴዛ መጀመር የሚያሳፍር ነገር የለውም። ስኮትላንዳዊው ስቴፈን ሄንድሪ የጀመረው 12 ዓመቱ ላይ ወላጆቹ ለገና በሰጡት የልጆች ጠረጴዛ ነበር። በዚያ ተለማመደ። በ1990፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያም በድምሩ 7 ጊዜ ዋንጫውን አነሣ። በጠባብ ክፍል ውስጥ በታጨቀ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ከመጫወት፣ ለክፍሉ ልክ በሆነ ትንሽ ጠረጴዛ መጫወት እጅግ ይሻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ሁለተኛው ጉዳያችን ወለሉ ነው። ይህን ነጥብ በጥንቃቄ አድምጡኝ፤ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ጉዳይ ነው።

ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር ምን ያለ ይመስላችኋል? እንጨት? አይደለም። ስሌይት የሚባል ጠፍጣፋ የተፈጥሮ ድንጋይ ነው ያለው። ጆን ተርስተን የተባለ የለንደን ጠረጴዛ ሠሪ በ1826 ድንጋይን ለጠረጴዛ ማዋል ጀመረ። እንጨት እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ድንጋዩ ግን እንደ ተስተካከለ ይኖራል። በትልቁ ጠረጴዛ ላይ አምስት የድንጋይ ገበታዎች ጎን ለጎን ይገጠማሉ፤ ውፍረታቸው 4 ሳንቲም ተኩል ያህል ነው።

እንግዲህ ክብደቱን አስቡት። ሙሉው ጠረጴዛ ከ12 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ይህ ሁሉ ክብደት በወለሉ ላይ እኩል አይነጠፍም፤ በስምንት እግሮች፣ በስምንት ትንንሽ ቦታዎች ላይ ያርፋል። እያንዳንዱ እግር አንድ ኩንታል ተኩል ያህል ይሸከማል ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምድር ቤት ነው፤ በደንብ በተጠቀጠቀ መሬት ላይ የተሞላ የኮንክሪት ወለል። በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖሩ አድማጮቻችን ቤታችሁ የእንጨት ወለል ካለው፣ ከሥሩ ያሉት አግዳሚ እንጨቶች ይህን መሸከም ይችሉ እንደሆን የግንባታ መሐንዲስ ሳያይ ጠረጴዛ አታስገቡ። ኮንዶሚኒየም ላይ ለምትኖሩም ያው ነው፤ ፎቁ የተሠራው ለመኖሪያ ቤት ዕቃ ነውና መሐንዲስ ይጠየቅ። ደረጃውንም አስቡ። ጠረጴዛው ተፈትቶ ነው የሚመጣው፤ አንዱ የድንጋይ ገበታ ብቻውን ግን ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ ነው። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ፣ በጠባብ ደረጃ መታጠፊያ፣ ያንን ማን ይሸከመዋል? በየት በኩልስ ይዞራል? ይህ ጥያቄ ከመግዛት በፊት የሚጠየቅ ነው።

ክፍሉ ይቅደም፣ ጠረጴዛው ይከተል ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሦስተኛው ጉዳያችን ብርሃን ነው። በአንድ አምፖል ብቻ ጥግ ላይ የበራ ክፍል ለስኑከር አይሆንም። ለምን? እያንዳንዱ ኳስ ረጅም ጥላ ይጥላል። ተጫዋቹ የኳሱን ጠርዝ ለይቶ ማየት አለበት፤ ጥላው ደግሞ ዓይኑን ያታልለዋል።

ቅድም ያነሣናቸው የቪክቶሪያ ዘመን ግንበኞች ይህን ስለሚያውቁ በብዙ የቢሊያርድ ክፍሎች ጣሪያ ላይ፣ ልክ ከጠረጴዛው በላይ፣ የመስታወት መስኮት ይከፍቱ ነበር። እኛ ዛሬ በኤሌክትሪክ መብራት ያንኑ እናደርጋለን። መብራቱ ከጠረጴዛው መካከል በላይ፣ በርዝመቱ ልክ የተዘረጋ ይሁን። አራቱም ማዕዘኖች ከመካከሉ እኩል ይብሩ። ከፍታው ከጨርቁ 90 ሳንቲም ያህል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ካለ ያጎነበሰውን ተጫዋች ራስ ይመታል፣ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ የሚቀመጡትን ሰዎች ዓይን ይወጋል።

ከመብራቱ ጋር የሚታይ ሌላም ነገር አለ። መብራቱ የሚንጠለጠልበትን የጣሪያ ቦታ ጠረጴዛው ሳይገባ ወስኑ። የኤሌክትሪክ መስመሩን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይዘርጋው። ትልቅ መስኮት ካለም ወፍራም መጋረጃ ይኑረው፤ ፀሐይ ጨርቁን ታደበዝዛለች፣ በኳሱም ላይ ታንጸባርቃለች።

(አጭር ሙዚቃ)

አራተኛው ጉዳያችን አየር ነው፤ ሙቀትና እርጥበት። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

አረንጓዴው ጨርቅ ከሱፍ የተሠራ ነው። ሱፍ ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት የጠጣ ጨርቅ ኳሱን ይይዘዋል፤ ትናንት ጠረጴዛውን አቋርጦ ይሄድ የነበረው ኳስ ዛሬ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ትልልቅ ውድድሮች ላይ ከድንጋዩ ሥር ማሞቂያ የሚገጠመው ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ ነው።

በጠርዙ ዙሪያ ያለው ጎማም ሙቀት ይፈልጋል። ተርስተን በ1830ዎቹ የጎማ ጠርዝ ሲያወጣ ጎማው በብርድ ጊዜ እየደነደነ አስቸገረ። ሰዎች ሙቅ የብረት ዕቃ እያስጠጉ ያሞቁት ነበር። ጎማን በድኝ አብስሎ የማጠንከር ዘዴ ሲገኝ ነው ችግሩ የተቃለለው።

ለእኛ የሚሆነው ምክር ቀላል ነው። ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ሙቀት ይኑረው። ግድግዳውና ጣሪያው ብርድና እርጥበት እንዳያስገባ ሆኖ ይሠራ። የአትክልት ቦታ ላይ አዲስ ክፍል የምትሠሩ ከሆነ ከወለሉ ሥር እርጥበት የሚከላከል ፕላስቲክ ሳይነጠፍ ኮንክሪት አይፈስስ። በክረምት ወራት ዝናብ በሚበዛበት ከተማ የምትኖሩም መስኮቱን ከፍታችሁ አትተዉት። ስቲኮችንም አስቡ፤ እንጨት ናቸውና ግድግዳ ላይ ተደግፈው ወይም ማሞቂያ አጠገብ ከከረሙ ይጎብጣሉ። ቀጥ ብለው የሚቆሙበት መደርደሪያ ይሠራላቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

አምስተኛው ጉዳያችን የመንግሥት ፈቃድ ነው። እንግሊዝ አገር ያሉ ወገኖቻችን በግቢያቸው ውስጥ የስኑከር ክፍል ለመሥራት ሲያስቡ አንድ ነገር ያስተውሉ። በዚያ አገር ደንብ፣ ሰው የማይተኛበት የግቢ ክፍል የወለሉ ስፋት ከ30 ካሬ ሜትር ካለፈ የሕንፃ ደንብ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የትልቁ ጠረጴዛ ክፍል ደግሞ፣ 6 ሜትር ከ77 በ4 ሜትር ከ98፣ ሲባዛ ከ33 ካሬ ሜትር ተኩል ይበልጣል። ገደቡን አለፈ ማለት ነው! ከአጥር በ2 ሜትር ርቀት ውስጥ ከተሠራም፣ ያለ ፕላን ፈቃድ ከፍታው ከ2 ሜትር ተኩል መብለጥ አይችልም። ሌላ አገር ያላችሁ ደግሞ ያላችሁበትን ማዘጋጃ ቤት ወይም የአካባቢ አስተዳደር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አፍርሱ ከመባል ያድናችኋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ክፍሉ አልቋል። ወለሉ ጸንቷል፣ መብራቱ ተሰቅሏል፣ አየሩ ደረቅ ነው። እነሆ የጠረጴዛው ተራ ደረሰ!

ትልቅ ጠረጴዛ ራሳችሁ ለመግጠም አትሞክሩ። የጠረጴዛ ገጣሚ ባለሙያ ይምጣ። እሱ መጀመሪያ እግሮቹንና ማዕቀፉን ያቆማል፤ ከዚያ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ያሳርፋል፤ ውሃ ልክ እያስቀመጠ በየአቅጣጫው ያስተካክላል። ምጣዱ ዘንበል ያለ እንደሆነ ሊጡ ወደ አንድ ወገን እንደሚሮጥ እናቶቻችን ያውቁታል፤ ኳስም እንዲሁ ነው። በቀስታ የተመታ ኳስ ለዓይን የማይታይ ዘንበል ማለትን ያጋልጣል። ድንጋዮቹ የሚገናኙበት መስመር ተሞልቶ ከለሰለሰ በኋላ ጨርቁ ተወጥሮ ይለበጣል፤ ጠርዞቹም ይታሠራሉ። ክብደቱ ወለሉ ላይ ሲደላደል ልኩ ሊዛባ ስለሚችል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለሙያው ተመልሶ እንዲያየው ከመጀመሪያው ተዋዋሉ።

ከዚያ በኋላ እንክብካቤው የእናንተ ነው። የስኑከር ጨርቅ እንደ ጋቢ ያለ ልስልስ ብቻ አይደለም፤ ፀጉር አለው፣ ፀጉሩም አንድ አቅጣጫ አለው። ጨዋታው ከሚጀመርበት ጫፍ ወደ ጥቁሩ ኳስ ጫፍ ይተኛል። ስለዚህ በብሩሽ ስትጠርጉት በዚያው አቅጣጫ ብቻ ይሁን፤ ከመጀመሪያው ጫፍ ወደ ጥቁሩ። ወደ ኋላ አትመልሱ፤ በአግድም አትጥረጉ። ካውያም የሚደረገው በዚያው አቅጣጫ ነው፤ ለጠረጴዛ በተሠራ ካውያ፣ ያለ እንፋሎት፣ ከተጠረገ በኋላ። ኳሶቹን አልፎ አልፎ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ጨዋታው ሲያልቅ ጠረጴዛውን ሸፍኑት። ስኒና ብርጭቆ ደግሞ ጠርዙ ላይ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ለእነሱ ግድግዳው አጠገብ ትንሽ መደርደሪያ ይበጅላቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከመለያየታችን በፊት አብረን እንከልስ። እኔ እጠይቃለሁ፤ እናንተ ባላችሁበት መልሱ።

በጠረጴዛው ዙሪያ ስንት ባዶ ቦታ ያስፈልጋል? (ለጥቂት ሰከንድ ዝምታ) በየአቅጣጫው 1 ሜትር ከ60 ሳንቲም ያህል።

ወለሉን ማን ይይልን? (ለጥቂት ሰከንድ ዝምታ) የግንባታ መሐንዲስ፤ በተለይ የእንጨት ወለል ወይም ፎቅ ከሆነ።

መብራቱ የት ይሰቀል? (ለጥቂት ሰከንድ ዝምታ) ከጠረጴዛው በላይ፣ በርዝመቱ ልክ፣ ማዕዘኖቹን እኩል እንዲያበራ።

የጨርቁ ጠላት ማነው? (ለጥቂት ሰከንድ ዝምታ) እርጥበት።

ጨርቁን በየት አቅጣጫ እንጥረግ? (ለጥቂት ሰከንድ ዝምታ) ከመጀመሪያው ጫፍ ወደ ጥቁሩ ኳስ።

ለዚህ ሳምንት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ለጠረጴዛ ያሰባችሁት ክፍል ካለ ሜትር ያዙና ግቡ። ልትገዙት ያሰባችሁትን ጠረጴዛ ልክ ወለሉ ላይ በፕላስተር አስምሩ። ከዚያ የስቲክ ርዝመት ያለው የመጥረጊያ እንጨት ያዙና በአራቱም ጎን ቆማችሁ እንደምትመቱ ሁሉ ወደ ኋላ ሳቡት። ክርናችሁ ወይም እንጨቱ ግድግዳ ከነካ ክፍሉ መልሱን ሰጥቷችኋል፤ ትንሽ ጠረጴዛ ምረጡ ወይም ሌላ ክፍል ፈልጉ። ይህ ልኬት ሳይደረግ ለማንም ሻጭ ቀብድ አትክፈሉ። የሳምንት ሰው ይበለን፤ ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)